ከጨርቁ ሥር

ዶሮ ማነቂያ፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣
አባቴ የተወው ያ ፑል ቤት ነበር።
ቤቱ ለልማት ነው፤ ቀን ተቆርጦለታል፤
ሁለት ጠረጴዛ ከነዱላው ቀርቷል።

ተካበ ደላላው ማልዶ መጣና፣
በጣቱ አንኳኩቶ፣ ዞሮ እንደገና፣
"ከቆየው ልጀምር ወይስ ከቻይና?"
አለኝ፣ መልስ ሳይጠብቅ።

አዲሱ ያምራል፤ ያበራል ጠርዙ፣
ከላዩ አልጠፋም የፋብሪካው ወዙ፤
ሆዱ ግን ዱቄት ነው፣ የተፈጨ እንጨት፣
በሙጫ ተጋግሮ ጣውላ የተባለለት።
አምና በሐምሌ ጣሪያው ቢያፈስበት
አንድ ሌሊት ጠጥቶ አወጣ እብጠት፤
ከዚያ ወዲህ ኳሷ ቀጥ ብላ ስትሄድ
አበዳሪ እንዳየ ትቀይራለች መንገድ።

አሮጌው ድንጋይ ነው፤ ሦስት ጥቁር ሰሌዳ፣
ለስምንት ወዛደር የወገብ ፍዳ።
ከየት እንደ መጣ አባቴ ሲያወራው
ማታ ከክለብ ነው፣ ጠዋት ከሐራጅ ነው።
ጨርቁ በሲጋራ ዐይን ዐይን አውጥቷል፣
ጎማው ደርቆ ደርቆ መመለስ ሰልችቷል፤
ግን ውሃ ልክ ጣሉበት፣ አረፋዋ ቀጥ ትላለች፣
ጉቦ እንዳልበላች እማኝ መሀል ትቆማለች።

ጋሽ ፍርድአወቅ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤
ከእግሩ ሥር ካርቶን አጥፎ ይወትፋል፤
"ድንጋዩስ ደህና ነው፤ ቤቱ ነው የዘመመው"
ይል ነበር። ለቤቱ ፍርዱ ሐሙስ ነው።

ተካበ ሒሳቡን በሞባይሉ መታ፦
"አዲሱ ሠላሳ ሺህ፣ ይሄዳል እስከ ማታ።
አራት ልጅ ያነሳዋል፣ በረንዳ ይበቃዋል፣
ኮንዶሚኒየም ላይ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል።
ይኼኛውን፣ እህቴ፣ ማን ምን ላይ ያቆመዋል?
ምድር ቤት ያለው ሰው ዛሬ ከየት ይመጣል?
ዕድሜውንስ አልነካሁም፤ ከእኔም ካንቺም ያልፋል፤
ገበያ ግን የሚገዛው ቶሎ የሚነሳውን ነው።"

ትንሽ ዝም አለና፦
"ድንጋዩን ለብቻ የሚወስድ ሰው አለ።
ቄራ ሥጋ ቤት ሊከፍት ነው።
ለባንኮኒ ይሆናል፤ ውሃ አይጠጣም፣ ደምም አይጠጣም።"

ጨርቁን ገፈፍነው።
ምስማሩ አንድ በአንድ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ፣
ብዙ ሳይታገል ወጣ።
ከሥሩ የጠመኔ አቧራ፣ ሰማያዊ፣ የሠላሳ ዓመት፣
ከአቧራው ሥር የአባቴ እጅ ጽሕፈት፣ በወፍራም እርሳስ፦

"ሰማንያ አራት፣ ጥቅምት። ጨርቅ ተቀየረ።
የሻቃ አምሃ ልጅ፣ ስድስት ጨዋታ፤ ቀረ።
ዘጠና። የጋራዡ ሳህሌ፣ ስምንት ብር፤
ሞተ፤ ነፍሱን ይማር።
የትኬት ቆራጯ ወንድም፣ አንድ ዱላ ሰበረ፤
አልቅሷል፤ ቀረ።"

ሌላው ሰው ዕዳውን ደብተር ላይ ያሰፍራል፣
ቀን ጠብቆ ይገልጣል፣ አንገት ያስደፋል።
አባቴ ግን ዕዳን ድንጋይ ላይ ጻፈው፣
አዲስ ጨርቅ አለበሰው፣
በላዩ ላይ ኳስ አንከባለለው።
እኛ ቤት ጨርቅ የሚቀየረው
ሲያልቅ ይመስለኝ ነበር።

በቀዳዳው ጥግ፣ በትንንሽ ፊደል፦
"ተካበ ሊስትሮው። አሥራ አራት ብር። ልጅ ነው።"

ተካበ ጎንበስ ብሎ አነበበ።
በአውራ ጣቱ አሸው፤ አልለቀቀም።
ምራቁን ቀባ፣ ደግሞ አሸው፤
ባሰበት፣ ደመቀ።
ከዚያ ስለ ጨርቁም ስለ ጎማውም ምንም አላለኝም፤
ወደ በሩ ሄዶ፣ ከበሩ ተመልሶ፣
"ለባለ ሥጋ ቤቱ ዘጠኝ ያልኩትን
አሥራ ሁለት ሺህ እለዋለሁ" አለ።
አለውም።
ኮሚሽኑን ግን ሙሉውን ቆጥሮ ወሰደ።

ረቡዕ ስምንት ወዛደር መጡ፤ ዘጠነኛ ጠሩ።
ባለ ሥጋ ቤቱ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ወደደ፤
"አንድ ነገር አደራ" አልኩት፣
"ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ታች ይሁን።"
"ለምን?"
"ያኛው ፊት ይለሰልሳል፤ ለቢላ ይሻላል።"

ውሸቴን ነበር።
ሁለቱም ፊት እኩል ነው።