ሁለት ብሎን

ፔኒሽ ላይ ነፋሱ ፈቃድ አይወጣም፣
በዓል አያከብርም፣ ከሥራ አይቀርም።
ከባሕር ተነሥቶ፣ ጨው በጥርሱ ይዞ፣
ፋብሪካውን ሲዞር ያድራል፣ ጣራውን ነዝንዞ።

እኔ የበር ዘበኛ፣ የማታው አርሊንዱ፣
ሰው የምመዘግብ ሲመጡ፣ ሲሄዱ፣
ያየሁትን ልንገር። ጽፌዋለሁ ፊትም፤
ግን የጻፍሁት ሁሉ ያየሁት አይደለም።

ግራሲየት ደረሰች ለአራት ሩብ ጉዳይ፤
መኪናዋን አቆመች ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ፣
ከሁለቱ መስመር ለአንዱም ሳታደላ፣
ቦታውን በስንዝር እኩል አካፍላ።
አሮጌ ፊያት ናት። ኢንሹራንሷ የሦስተኛ ወገን፣
ለመታችው እንጂ ለእርሷ የማይሆን።
በሳምንት ሦስት ቀን እናቷን ጭናባት
ካልዳስ ታደርሳለች፣ ለኩላሊት እጥበት።

ከግንቡ ጫፍ ላይ ሰሌዳ አለ፣ ብረት፣
በቀይ ቀለም የተጻፈበት፦
«እዚህ በቆመ መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት
ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም።»

ከሌሊቱ ስምንት ነፋሱ በረታ፤
ሰሌዳው ሲያጓራ ቆይቶ ተፈታ፤
በማዕዘኑ ወርዶ መስተዋቱን ሰብሮ፣
ጣራዋን ተርትሮ፣
መሪዋ ላይ አረፈ፣ ጽሑፉን ወደ ወንበሩ አዙሮ።
ሾፌር ቢኖርበት ማንበብ ይችል ነበር።
«አይወስድም» የሚለውን ነፋስ ወሰደው፤
ወስዶም ለማይገባት ሴት አሸከመው።

ሲነጋ ጀመረ የክፍሎች ጉብኝት።
ጥበቃ ክፍል «እኛ ለበሩ ነን» አላት።
ጥገና «ግዢ ነው»፣ ግዢ «ሒሳብ» አለ፤
ሒሳብ ክፍል ሳቀ፦ «ቅጹስ የታለ?»
ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከደረጃ ደረጃ፣
የሳርዲን ቅርፊቱ ሳይለቅ ከእጇ።
ስንት ክፍል አለ! በየበሩ ስም አለው፤
የሚከፍለው ክፍል የትኛው ፎቅ ላይ ነው?
ኃላፊው ጋ ስትደርስ ኃላፊው አላፊ ሆነ፤
ሰዓቱን አየና፣ ኮቱን ደርቦ በነነ።

ከሊዝበን የደወለ የኢንሹራንሱ ሰው
«ነፋስ የእግዜር ነው» አለ፤ ፋይሉን ከደነው።

እግዜር ሆይ ይቅር በለኝ። ያንተ ስም ተነሣ እንጂ
ሰሌዳውን የሰቀልሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።
አራት ቀዳዳ ነበረው። አራት ብሎን ጠየቅሁ።
ሁለት ሰጡኝ። «በጀት።» ዝም ብዬ ሰቀልሁ።
ከመሰላል ወርጄ ከታች ሆኜ አየሁ፤
ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ይበቃዋል» አልሁ።

ይህንን አልጻፍሁም። መዝገቤ ላይ ያለው
«ምክንያት፦ ነፋስ» ነው።
ነፋስ አይባረርም፣ ደመወዙ አይቆረጥ፤
እኔ ለጡረታ ሁለት ክረምት ቀርቶኝ ምን ብዬ ልገለጥ?

የመስመር ሦስት ሴቶች በሳርዲን ቆርቆሮ
ሳንቲም አዋጡላት። ለመስተዋቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም፤
እርሷም መልሳ አከፋፈለቻቸው፣ እያንዳንዷን በስሟ ጠርታ።

ዓርብ ጧት ሰሌዳው ተቀብቶ መጣ፤
ያን ዕለት ከሳጥን አራት ብሎን ወጣ፣
እንዲያውም ስድስት። መሰላሉን እኔ ያዝሁ፤ ሌላ፣ ወጣት፣ ወጣ።

አሁን ግራሲየት በአውቶቡስ ነው የምትመጣው፣
ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ዘግይታ፣ ከዝናቡ ጋር።
እናቷን የጎረቤት ልጅ ያደርስላታል፤ ነዳጁን ትሞላለች።
«እንዴት አመሸህ፣ አርሊንዱ?» ትለኛለች፣
ጃንጥላዋን እያራገፈች።
ስሟን እጽፋለሁ። ሰዓቷን እጽፋለሁ።
እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ብሎኖቹን አገኛለሁ፣
አንዱ የተጣመመ፣ አንደኛው የዛገ፤
እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልፈለገ።
ከዚያ «የሰሌዳ ቁጥር» በሚለው ዓምድ ሥር
በስሟ ትይዩ
ሰረዝ አሰምራለሁ።