የዝውውር መስኮት

መስኮቱ ተከፍቷል አሉኝ ዛሬ ጠዋት።
እኔ በምውልበት፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት፣
መስኮት አልተሠራም፤ አንድ ማራገቢያ፣
ሦስት የልብስ ማሽን፣ አንድ የስም ማተሚያ።
ሐምሌ ነው። ራስ አል-ኸይማ በላብ ተነክራለች፣
ባሕሯ እንደተጣደ ውኃ ትጨሳለች።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ስም መለጠፍ፣ ስም መላጥ፣
የመጣውን በትኩስ ብረት ጀርባ ላይ ማስቀመጥ፣
የሄደውን ደግሞ በእንፋሎት አልስልሶ፣
በወረንጦ ጎትቶ፣ በጥፍር ጨራርሶ፣
ማሊያውን ማዳን ነው።
«ሉባባ፣ ማሊያ ውድ ነው» ይላል ሥራ አስኪያጁ።
እሺ፣ አድነዋለሁ።

ዘጠኝ ቁጥርን ብቻ በሁለት ዓመት ውስጥ
ስድስት ሰው ለበሳት።
ቫልዴሲር ከብራዚል፣ ጉልበቱ እስኪከዳው፤
ሸውቂ ከቱኒስ፣ ደመወዝ ሲዘገይ በሌሊት የሄደው፤
ከዚያ ሰርቢያዊው አሰልጣኝ ሙሽራ መስሎ ገባ፣
ሦስት ያገሩን ልጆች እንደ ሚዜ አጅቦ፣ በአበባ፤
ኅዳር ላይ ሲባረር ሚዜዎቹም ወጡ፣
ሦስት ስም በአንድ ሌሊት፤ ጣቶቼ ተላጡ።

ገበያቸው ገብቶኛል።
ሐምሌ ላይ ስም ይገዛሉ፣ ፀጉሩን የተቀባ፣
አውሮፓ የጠገበው፣ ለፎቶ የሚገባ።
ጥር ላይ፣ ወራጅ ቀጠናው ደጃቸው ሲቆም፣
ተከላካይ ያፍሳሉ፤ ቁመት እንጂ ዕድሜ አይጠየቅም።
መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት
ከምዕራብ አፍሪካ ልጆች ይመጣሉ፣
አራቱ በአንድ ሰው ደመወዝ።
ሐኪሙ ጉልበት ሲጫን በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤
አባቴ ውርጌሳ ገበያ በሬ ሲገዛ
ሽንጡን እንዲህ ነበር የሚዳስሰው፣
ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ የፈለገው እንዳይመስል።

ኤብሪማ ከጋምቢያ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
«በውሰት ነው» አሉኝ ፉጀይራ ሲሸኙት።
እኔ የማውቀው ውሰት ወንፊት ነው፣ የጎረቤት፤
ሲመለስም በባዶ አይመለስም፣
እፍኝ ጥሬም ቢሆን ጣል ይደረግበታል፣
አለዚያ ነውር ነው።
ኤብሪማ በሚያዝያ ተመለሰ፤
በአንድ እግሩ እየረገጠ፣
ባዶውን።

ዝውውር ይሉታል።
ያገሬ ራዲዮም ይህንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ያነሣል፤
አንዴ በስፖርት ሰዓት፣ እየጮኸ፣
አንዴ በፖሊስ ፕሮግራም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ድንበር ላይ ስለተያዙት።
እኔ በሁለተኛው ነው የመጣሁት።
ሻርጃ አንድ ቤት፣ ዱባይ አንድ ቤት፣ ከዚያ እዚህ፤
የፈረመው ሌላ፣ የተፈረመብኝ እኔ።
የሻርጃዋ እመቤት በካውያ የጻፈችው
ጀርባዬ ላይ አለ፤
ስም ግን አይደለም።

ክለቡ አል-መርሳ ይባላል።
በነሱ ቋንቋ መርሳ፣ መርከብ የሚያርፍበት፤
በእኔ መርሳ፣ ከወልድያ በታች፣ እትብቴ ያለበት።
ሦስተኛውን ፍቺ ማንም አልጠየቀኝም።

ዛሬ አዲሱ ዘጠኝ መጣ፣ ከጋና፣ ኩዋቤና።
ስሙን ስደረድር ፊደል አነሰኝና
የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፈትኩ፤ የሄዱት ትራፊ፤
አንዷን ከኤብሪማ፣ አንዷን ከቫልዴሲር፣
ሙጫ ጨምሬ አጣበቅኩለት።
ሞቅ እንዳለች ለበሳት። ሳቀ። ልጅ ነው።
ከዚያ አወለቃትና አንገትጌዋን ገልብጦ አየ፤
ከውስጥ፣ ነጯ ጨርቅ ላይ፣ በደቃቅ የአማርኛ ፊደል፣
ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ በእስክሪብቶ የማድሰው
ስድስት ስም አለ፣ ከላይ ወደ ታች፤
ከስድስተኛው ሥር ትንሽ ቦታ።
«ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው?» አለኝ።
«የአስተጣጠብ መመሪያ ነው» አልኩት።