ሁለት ጣውላ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት በመጋዘን ኖርሁ፣
ብርድ ልብስ ቆጥሬ ብርድ ልብስ አስረከብሁ፤
የደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣
በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብቶ ሲያንጎራጉር፣
ሰው ሁሉ የሚሸሸው፣ እኔም የምሸሸው
እንዲህ ያለ ብርድ ነው፤ ማን ነው የሚመኘው?

ማበጠሪያው ማሽን ጥርሱ የረገፈ ’ለት
ቼኩ መካኒክ ያሮ መጣ ሊጠግንለት፤
ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ወደ ሀገሩ
ሁለት ጣውላ ተወ ከመጋዘን በሩ፤
ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ አፍንጫቸው ቀና፣
ኩሩ ሚዜ መስለው ያዩ ነበር ደመና።
«በኛ ሀገር» አለኝ «በረዶ ሲወርድ
ሰው ገንዘብ ይከፍላል ሊያገኝ ጥሩ ብርድ፤
ተራራ ያማርጣል፦ ይሄኛው ቀጥ ያለ፣
ያኛው ለጀማሪ፣ አልጋው የተሻለ።»
ሳቅን። ብርድ ዋጋ ካወጣማ በእውነት
ከተማችን ነበር የባለጸጎች ቤት።

ጡረታዬ ደርሶ ዐሥር ቀን ፈቃድ ሲተርፈኝ
አሰገደች ሚስቴ «ሶደሬ ሂድ» አለችኝ፤
«ለወገብህ ፍል ውሃ፣ ለእግርህ ሙቅ አሸዋ፣
ጡረተኛ ሁሉ የሚሄደው እዛ ነዋ!»
እኔ ግን ጣውላውን ከቆጥ አወረድሁ፣
እስኪሙለጨለጭ ሞራ ለቀለቅሁ፣
በዕቃ ካርድ ጀርባ ሠንጠረዥ አሰመርሁ፦
ተራራ፣ ቁልቁለት፣ አልጋ፣ መኪና፣ ምሳ፤
መጀመሪያ የጻፍሁት መንዝ ነበር፣ ጓሳ።
ውርጩስ ሸጋ ነበር፣ ማለዳ የሚነጣ፣
ሣሩ ግን ጥቅጥቅ ነው፣ ጣውላ አያስወጣ፤
ደሞም ጭላዳው አለ፣ ስወድቅ ካየኝ
ዘመድ አዝማድ ጠርቶ ነው የሚስቅብኝ።
አንኮበር ቁልቁለት ሞልቶታል፣ ያምራል፣
መቆሚያ ነው የሌለው፤ ጠዋት የጀመረ ማታ አፋር ያድራል።
ጣርማበር ላይ ደግሞ ጉሙ ዓይን ያጠፋል፣
እግርህን ሳታየው አይሱዙ ያልፋል።
መዘዞን መረጥሁ። ክረምቱ ሲያከትም
በረዶ ይጥላል አሉ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም፤
አልጋውም በነጻ፦ ገብረየስ ቤት አለኝ፣
በሚስቴ በኩል ነው፣ አማቼ ነው የሚለኝ።

በሚኒባስ ጣሪያ ጣውላው ሲጫንልኝ
ረዳቱ «ለአልጋ ነው?» እያለ ጠየቀኝ፤
«ለበረዶ» ብለው አየኝና ዞሮ
የሦስት ሰው ተቀበለ፣ ጣውላዎቹን ቆጥሮ።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ጆሮዬን ጥዬ
ቆርቆሮው እንዲንጣጣ ተኛሁ ተስዬ።
በአራተኛው ማታ ገብረየስ ሲጸልይ
ሰማሁት በጨለማ፦ «አባቴ ሆይ፣ ከላይ
ያለውን በረዶ ወደ ገደል ምራው፣
እሸቴ አልደረሰም፣ ገና ነው አዝመራው።»
አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ልመና አደረ፤
የማንኛችን እንደተሰማ በማግስቱ ተነገረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ፈረሰ፣
ገብሱን ከወገቡ አጥፎ ተመለሰ፤
ከዚያ ጸጥ። ነጭ ማሳ፣ እስከ ወንዙ ከንፈር።
ያምር ነበር። እንዲያ ማማሩ ሲያሳፍር።

ጣውላዬን ከአጥር ሥር ሸጉጬ ብመለስ
እታፈራሁ ይዛው ቆማለች፤ ዓይኗ ሳይርስ፣ ድምጿ ሳይለሰልስ፦
«የኛስ ሆነ፤ ይብቃ። ከወደቀ ወዲያ
ሳይቀልጥ ላንተ እንኳ ይሁንልህ ገበያ።
ሂድ!» አለች። ሄድሁኝ፣ እርምጃ ዐሥራ ሁለት፣
መቁጠር ልማዴ ነው፤ ከዚያ ጭቃና ውድቀት።
ገብረየስ ከደጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
ዝናብ ይሁን ሌላ፣ ጉንጩ አልደረቀ።

ማታ በፋኖስ ሥር ካርዴን ዘረጋሁ፣
እንደ መጋዘኔ ገቢ ወጪ ጻፍሁ።
ገቢ፦ በአንድ ከሰዓት ዐሥራ ሁለት እርምጃ።
ወጪ፦ የገብረየስ ገብስ፣ የዘንድሮው በሙሉ።
ቀሪ፦
እስክሪብቶዬን በመዳፌ አሸሁት፣ ተነፈስሁበት፤
ቀለሙ በርዶት ነው መሰል፣ አልወጣም።