ጣሳው የት ደረሰ?

ሰኔ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ይደልቃል፣
መብራቱ ከሄደ ሁለት ሌሊት አልፏል፣
ቦሳ ኪቶ ሰፈር በተከራየሁት
ክፍል፣ ሻማ ይዤ አርማለሁ ወረቀት።

አርባ ሁለት ድርሰት፣ ርዕሱ ግን አንድ ነው፤
«የዜጎች መብት» ብሎ ጠመኔዬ የጻፈው።
አርባው ሲጀመርም ሲያልቅም አንድ ዓይነት፦
«ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ይህ ነው የሰው መብት።»
አልፈርድባቸውም፤ እንዲህ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።
(አንዱ ባዶ ነበር፣ ስም ብቻ።)

የመጨረሻው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፣
ዘይቱና አባ ፊጣ። መግቢያዋ አሳመመ፦

«እናቴ ሻይ የምትጠጣው በጣሳ ነው።»

ሐሙስ ሂርማታ ላይ ሸክላዋን ዘርግታ፣
ድስትና ገንቦዋን ስትሸጥ እስከ ማታ፣
ሻይ ቤቱ ለሌላው በብርጭቆ ቀድቶ
ለሷ ጣሳ ያወርዳል፣ ደጅ ድረስ ወጥቶ፤
የቲማቲም ጣሳ፣ ምስሉ የተላጠ፣
ከግድግዳው ውጪ ምስማር የጨበጠ።
ጭቃ ያቦካ እጇ ብርጭቆ እንዳይነካ።
የሻይ ቤቱ ሽሮ የሚሠራው ለካ
በሷ ድስት ነው!

ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲህ። ትንፋሼን ይዤ ገለጥኩ።
መጨረሻው ላይ፦
«ስለዚህ በአጠቃላይ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው፤
መብቱም በሕግ የተጠበቀ ነው።»

ጣሳው የት ደረሰ?
ምስማሩስ? እናትየውስ?
በራሷ በር አስገብታኝ ስታበቃ
በሰው በር አስወጣችኝ።

«መግቢያሽን ከመደምደሚያሽ አገናኚ» አልኩ በቀይ።
በማግስቱ ክፍል ውስጥ በርጩማ አንስቼ፣
የጅማ ጠራቢ ከአንድ ግንድ ያወጣውን፣
ገልብጬ አሳየኋቸው፦
«እስቲ ምስማር ፈልጉበት፣ ማጣበቂያ ፈልጉ!
መቀመጫው ከላይ ነው፣ ሦስቱ እግር ከታች፣
እንጨቱ ግን አልተለየም።
የድርሰት ጫፍ ሲጠረብም
የመጀመሪያው ግንድ ይሽተት።»
ራሳቸውን ነቀነቁ።
ጥሩ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።

ሰኞ መለሰችልኝ።
ሁለቱ ገጽ እንዳለ፣ መጨረሻው ተሰርዞ፣
በቦታው አንድ መስመር፦

«እናቴ ሻይ የምትጠጣው ዛሬም በጣሳ ነው።»

ዛሬም።
የጨመረችው ይቺን ነው።
«መብት» የሚል የለበትም፣ «ስለዚህ» የሚል የለም፤
በገባሁበት በር ወጣሁ፣
የገባሁትን ሆኜ ግን አይደለም።

ነጥብ የምቀንስበት ፈለግኩ፣ ልማዴ ነውና።
«መፍትሔ አላሳየሽም» ልል ቀዩን አነሳሁና
ሻይ ቤቱ ትዝ አለኝ፦
ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ፣ ሰማያዊ በር ያለው፣
አሥራ አንድ ዓመት ቁርሴን የበላሁበት ነው።
ጣሳውን አውቀዋለሁ። ከራሴ በላይ ተሰቅሎ፣
ዝናብ ሲያንጠባጥብበት ጃንጥላዬን ዘግቼ ገብቻለሁ።
እጅ መታጠቢያ ይሆናል ብዬ።
ይሆናል እንኳ አላልኩም። ምንም አላልኩም።
ብርጭቆዬ ሙሉ ነበር፣ ስኳሩም በቂ፣
ማን ምን እንደሚጠጣ አልነበርኩም ጠያቂ።

ነገ ሐሙስ ነው።
ሄጄ ምን እንደምል አላውቅም፤
«ለኔም በዚያ ቅዳልኝ» ማለት ትወና ይሆን?
ዝም ማለትስ፣ ምስማሩን እንደ መምታት ይሆን?

ሰኔ ነው። ዝናቡ ዛሬም ቆርቆሮ ይደልቃል።
መብራቱ መጥቷል፤ የውጤት ቦታዋ ባዶ ነው።
ጣሪያዬ ይሁን ጣሳው የሚንቃጨለው፣
ጆሮዬ አልለየም።