የግርጌ ጽሑፍ

ሐይፋ፣ ቀርሜሎስ ላይ፣ ዘጠነኛው ፎቅ፤
መብራቱ ጠፋ፤ ባሕሩ በመጋረጃው ጥግ ሲያጮልቅ፣
ዶክተር ጊላ የድሮ የዜና ቅጂ ከፈተች፤
"ምስልና ባህል ነው የዛሬው፤ ተመልከቱ" አለች።

አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌሊት። ሰው በሰው ተደራርቦ።
አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ጋቢውን ሰብስቦ፣
ወደ ካሜራው ይናገራል።
ከግርጌው በዕብራይስጥ፣ "ተመስገን፤ የአባቶቼ ሕልም ደረሰ" ይላል።

ራኒም ጻፈች። ኢጎር ጻፈ።
የእኔ እስክሪብቶ ግን አየር ላይ ተንሳፈፈ፤
ሰውዬው የሚለው፣ "ጌታው፣ መብራቱን ወዲህ መልሰው፤
የልጄ አንድ እግር ጫማ ወድቋል፤ ሰው ሳይረግጠው ልፈልገው።"

እጄን አወጣሁ። "መልሺው" አልኳት። መለሰችው።
ሦስት ጊዜ ራስጌው "ጫማ" አለ፣
ሦስት ጊዜ ግርጌው "ተመስገን"።
"ሃያ ዓመት አስተምሬበታለሁ" አለች፤
መነጽሯን አወለቀች፤
ሌላ ቃል አልነበራትም።

ደብተሬ ላይ "የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምዕራፍ አንድ" ብዬ ጻፍኩ።
ሰረዝኩ።
ራኒም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፣
"ጫማው ተገኘ?"

እንጃ።
ካሜራው ፊቱን አዞረ፣
ወደ ጭብጨባው።