ሠላሳ ሰከንድ

መብራቱ መጣ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
አንገረብ ላይ ዝናብ፣ ጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ጩኸት።
ማሽኑ ነቃ። ሊኑክስ መስመር በመስመር ጻፈ፤
አገልግሎቱም ተነሳ፣ ተጣራ፣ መልስ አጣ፣ አረፈ።

የታንከሩን ከፍታ የሚነግረን ዳሳሽ
ከሽቦው ጫፍ ገና ዐይኑን ሲያሽ፣ ሲያሽ፣
ቸኳዩ ፕሮግራም ስሙን አንዴ ጠራ፤
«የለም» ብሎ መዘገበ፤ ፓምፑም ሳይሠራ
ጎንደር ነጋ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤
የኔው አፍሶ ቀረ። ሳሙና በር ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ባዶ ናቸው ሁሉ።

መጀመሪያ ያደረግሁት፣ እፍረቴን ልናገር፣
«ተኛ» የምትል ትእዛዝ ስክሪፕቱ አናት ላይ ማኖር።
ሠላሳ ሰከንድ። ለምን ሠላሳ? አልጠየቀኝም ማንም፤
በሃያ ሲነቃ አየሁት፤ ዐሥር መረቅሁለት፣ ለማንኛውም።

ሰኔን ሠራ። ሐምሌን ሠራ። በነሐሴ ብርድ
ዳሳሹ አረጀ መሰል፣ ጠየቀ አርባ አንድ ሰከንድ።

ያን ሌሊት ከማራኪ በባጃጅ ደረስኩ፣ ጫማዬን ውሃ ሞልቶት።
አንኳኳሁ፤ ዝም። በአጥሩ ዞሬ፣ ቀዳዳ አጥቼ ስመለስ
ጋሽ አዛናው በሩ ላይ ቆሟል፣ ካፖርቱን በትከሻው ጥሎት።
«አንዴ አንኳኳሽ፤ ጫማዬን ስፈልግ ጠፋሽ።
የተኛ ሰው ወዲያው ይነሳል ያለሽ ማነው?
ደግመሽ መቺው እንጂ፤ ምን አጣደፈሽ?»

ምንም አልመለስኩለትም።
ተቀምጬ ጻፍኩ፤ ጣቴ ደንዝዞ ፊደል እየሳተ፦
አለህ? ከሌለህ አንድ ሰከንድ ልቆይ።
አሁንስ? አሁንስ? አለህ?
እስከ መቶ ሃያ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ግን ሰው እቀሰቅስብሃለሁ።

ትክክለኛው መንገድ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤
ዳሳሹ ራሱ ሲደርስ «መጣሁ» ብሎ ቢያስነሳው ነበር ደንቡ።
ለመስከረም ብዬ ትቼዋለሁ።
ከመስከረሞቹ የትኛው እንደሆነ አልወሰንኩም።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ሰካሁ።
ጋሽ አዛናው በባትሪው ግድግዳውን ያበራል፤ እዚያ ምንም የለም።
ሠላሳ አለፈ፤ ትንፋሼን ያዝኩ።
አርባ አለፈ።
በአርባ ሦስት
ከወለሉ ሥር ፓምፑ ጎሮሮውን ጠረገ።

«ነቃ?» አለኝ።
«ነቃ።»

ከመውጣቴ በፊት፣ ማሽኑ በማያነበው መስመር ላይ፣
ከኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው፦
«ጫማውን እስኪያገኝ ጠብቀው»
ብዬ ጻፍኩ።