መንታ ስለት

በሼፊልድ ከተማ፣ ከዶን ወንዝ በታች፣
ሃምሳ ሁለት ዓመት መቀስ የገጠመች፣
ይቺ ቀኝ እጄ ናት፤
በመዶሻ ብዛት መዶሻ የመሰለች።

መቀስ ማለት ሁለት ስለት፣
እንደ ቆዩ ባልና ሚስት ጎበጥ ብለው የሚኖሩት፣
ከሚቆርጡባት ነጥብ በቀር የትም የማይነካኩት።
ሙያው ብሎን ማጥበቅ፣ ማላላት፣
ጆሮ ማስጠጋት፣
ሽርጭ ሲል መስማት።

በጥቅምት አንድ ቀን የልጅ ልጄ መጣች፣
ብራይኒ፣ የሰባት ዓመቷ፤
የተጨማደደች ወረቀት ይዛ ከበሩ ቆመች።
«መቀሱ ያኝካል እንጂ አይቆርጥልኝም» አለች።
«ጥፋቱ የእጅሽ ነው» ብላታለች መምህሯ፤ እሷም አመነች።
ከዚያ ቀና ብላ፣
«ለምን ነው ግራኝ የሆንኩት?» ብላ ጠየቀች።

ግራ ገባኝ።
ብሎን የጠፋብኝ ይመስል ኪሴን ዳበስኩ፤
መሐረብ እንጂ መልስ የለውም፤ ተናፈጥኩ።

ጥያቄው የቤታችን ነው፤ አርጅቷል እንደ እኔ።
መንታ ነን ከኤድና፤ እኅቴና እኔ
ባንድ ሆድ፣ ባንድ ጨለማ፣ ፊት ለፊት ተኝተን፣
ካንድ ደም ጠጥተን፣
በሃያ ደቂቃ ተቀዳድመን ወጣን።
ማንኪያ ሲሰጡን ግን
እኔ በቀኜ ያዝኩ፣ እሷ በግራዋ፤
መስተዋት ያልነበረው ቤት
መስተዋት አገኘ በእኔና በእሷ።

እናቴ «መብረቅ ነው፣ አርግዤ ያስደነገጠኝ» አለች።
ቄሱ መጽሐፍ ገልጠው
በጎቹን በቀኝ፣ ፍየሎቹን በግራ ለይተው አነበቡ።
ሐኪሙ «በዘር ነው» አለ፤
ዘወር ብሎ እኔን አየኝና ዝም አለ።

ሚስ ክራብትሪ ግን ለምን ብላ አልጠየቀች፤
ቡናማ ጥብጣብ ከመሳቢያዋ አወጣች፣
የኤድናን ግራ እጅ ከወንበሩ አሰረች።
እኔ አጠገቧ፣ ባልታሰረ እጄ፣
የተመሰገነ ፊደል እጽፋለሁ።
ገና ሳይደርስ ቀኟ ለመደ።
ከዚያ ወዲህ ስሜን ስትጠራ
መነሻው ላይ ትቆማለች፦ «ዊ... ዊ...»
እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ስልሳ ዓመት ሆነን።

እና ለብራይኒ መቀስ ልሠራ ተነሣሁ።
ቀላል መስሎኝ ነበር። መቀስ ግን ቢገለብጡት ያው ነው፤
ታችኛው ስለት ላይ መዋል አለበት፣
ላይኛውም ታች መውረድ አለበት፣
ጉብጠቱ፣ የብሎኑ ራስ፣ የአውራ ጣቱ ቀዳዳ ተዳፋት፣
ሁሉም እንደ መስተዋት።
ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤
ሃምሳ ሁለት ዓመት ያልሳተ መዶሻ
ሁለቴ ጣቴን አገኘኝ።
ጨረስኩና ልሞክረው ብል፣
አኘከው ወረቀቱን።
ስለቱን መረመርኩ፤ እንከን የለውም።
ጥፋቱ የእጄ ነበር።
ያቺ የታመነች ቀኝ እጄ በግራ መቀስ ፊት
ልክ እንደ ብራይኒ አፈረች።

ቅዳሜ ወደ ኤድና ሄድኩ። «ሞክሪልኝ» አልኳት።
ቀኟን ዘረጋች፤ ተወችው።
ግራ እጇ ከጭኗ ላይ ተነሣች፣
የገዛ ቤቱን በር እንደሚያንኳኳ ሰው
ቀስ ብላ፣ ፈራ ተባ እያለች፤
ጣቷ ቀዳዳውን አገኘ።

ሽርጭ።

ጋዜጣውን ከራሱ እስከ ግርጌው ቀደደችው፣ መስመር ሳትስት፤
የአየር ጠባዩን፣ የሟቾቹን ስም ዝርዝር፣ የእሑዱን ጨዋታ ሽንፈት፣
ሽርጭ፣ ሽርጭ፣
ምንጣፉ በወረቀት እስኪነጣ ድረስ።
«ብራይኒ ለምን ግራኝ ሆንኩ ትላለች፤ ምን ልበላት?» አልኩ።
ዓይኗን ከስለቱ ሳታነሣ፣ ሳትቆም፣ ሳትንተባተብ፦
«ዊልፍ፣ አንተን ለምን ቀኝ ሆንክ ብሎ
የጠየቀህ አለ?»

ሻይ ጠጣን። ቁርጥራጩን ጠረግኩ።
መቀሱን አልመለሰችልኝም።
ሰኞ ጠዋት፣ ለብራይኒ፣
መንታውን ጀመርኩ።